ጤነኛ ሰው በሽታን ሊፈልግ ይገባዋልን?

በያዮ ከተማ ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ አስቀድመው የሚጠያየቁት ስለ ጤና ነው። አንዱ፥ እንዴት ሰነበትህ፥ ሲል ሌላው፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ፥ ይላል። ይህ የምስጋና ቃል ስለ ሆነ የሚነቅፈው የለም፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ደኅና ነኝ የሚለው ሰው ደኅና መሆኑን በምን ዐወቀ ብለን ብንመረምር፥ ብዙ ጊዜ ማስረጃው አለመታመሙ ብቻ ሆኖ ይገኛል። አለመታመምና ደኅና መሆን አንድ ነው ወይስ ሁለት? እኔ እስከ 53 ዓመቴ ድረስ አንድ ነው ስል ኖርሁ። ዛሬ ሁለት መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ይህንንም ያወቅሁበትን ነገርና ከዚያ ወዲህ በልቤ የተነሣውን ክርክር ለአንባቢ ልገልጽ እወዳለሁ። ነገሩ ስለ አንጀትና ስለ መቀመጫ የሚናገር ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ላይ መነሣቱ ቅር የሚያሰኘው ሰው ቢኖር ይቅርታውን እለምናለሁ፤ ነገር ግን ወዳጄን የጐዳው እንዲህ ያለው እፍረት መሆኑን ቀጥሎ ያነብባል።

ወዳጄ በያዮና በሁሩሙ ከ20 ዓመት በላይ ያስተማረ ሰው ነበረ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። አካሉ ጠንካራ፥ አረማመዱ ፈጣን፥ ጾሙን አክባሪ፥ ከመጠጥም የራቀ ስለ ነበረ በኛ ዘንድ የጤና ምሳሌ ሆኖ ይጠቀስ ነበር። ባንድ ክረምት መክሳት ጀመረ። ብንጠይቀው፥ «የቆየ ኪንታሮት አለብኝ፤ የሚያደክመኝ እርሱ ነው» ይለን ነበር። ኪንታሮት ባገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው በሽታ ስለ ሆነ አመንነው፤ እርሱም ራሱን አሳመነ። በኋላ እንደ ተረዳነው ደም ማየት ከጀመረ 8 ወር አልፎት ነበር። ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። እርስዋ ነገሩን የጠረጠረችው ልብሱን ማንም ሳያይ ራሱ ማጠብ በመጀመሩ ነው። ሥር የሚያውቅ ሰው ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄዶ መድኃኒት ወሰደ፤ ጥቂት የተሻለው ይመስለውና ደግሞ ይመለስበታል። በመጨረሻ ጕልበቱ ሲከዳው ወደ መቱ ሄደ፤ ከመቱም ወደ አዲስ አበባ ተላከ። በዚያም በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ነቀርሳ፥ በዛሬው ስሙ ካንሰር፥ እንዳለና ወደ ጉበቱም እንደ ተዛመተ ተነገረው።

ወደ ያዮ ተመልሶ ቡና በሚለቀምበት ወራት ዐረፈ። ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት ባልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ፥ «አንተስ ታይተሃል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ምን ሆኜ?» አልሁት።

ጥቂት ፈገግ አለና፥ «እኔም እንዲሁ ነበር የምለው» አለኝ። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አልተነጋገርንም።

የወዳጄ ነገር የሚያሳዝን ቢሆንም ለሕሊና ግን አስቸጋሪ ጥያቄ አይደለም። እርሱ ምልክት አይቶ ደብቆአል፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውም እንዲህ ላለው ነው። ደም ያየ፥ ያለ ምክንያት የከሳ፥ የሆዱ ልማድ የተለወጠበት ሰው ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚገባው የሚክድ የለም። የሚያከራክረው የኔ ነገር ነው። እኔ ደም አላየሁም፤ አልከሳሁም፤ እህል ይስማማኛል፤ ሌሊትም እተኛለሁ። ምንም ምልክት የሌለበት ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፥ ሥራውን ትቶ፥ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ፥ ያላስቸገረውን በሽታ በሰውነቱ ውስጥ እንዲፈልጉለት ማድረግ ይገባዋልን? ይህ ጥበብ ነው ወይስ ፍርሀት? ወይስ አንዳንድ ሰዎች እንደሚሉት ፈጣሪን መፈታተን ነው?

ይህን ጥያቄ ይዤ አስቀድሜ የሄድሁት ወደ ንስሐ አባቴ ነው።

«አባቴ፥ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ልሄድ አስቤአለሁና ይጸልዩልኝ» አልኋቸው።

«ምን አመመህ ልጄ?»

«ምንም አላመመኝም።»

«እንግዲያስ ያላመመህን ልታስታምም ነው የምትሄደው?»

ነገሩን ከነምክንያቱ አስረዳኋቸው። እርሳቸው ሐኪምን የሚንቁ ሰው አይደሉም፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት እንደ ነበረ፥ ኢያሱ ወልደ ሲራክም ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ እንዳስተማረ ከኔ አብልጠው ያውቃሉ። ንጉሥ አሳን እየጠቀሱ ወደ ሐኪም መሄድ ኀጢአት ነው የሚሉትንም አይቀበሉም፤ የንጉሡ በደል ሐኪም መፈለጉ ሳይሆን ፈጣሪውን መርሳቱ ነው ይላሉ። የርሳቸው መከራከሪያ ሌላ ነበር። «ልጄ» አሉኝ፥ «ሰው የሚሞትበትን ቀን እንዳያውቅ መደረጉ ምሕረት ነው። ቢያውቀው ኖሮ ማን ቤት ይሠራ ነበር? ማን ቡና ይተክል ነበር? አንተ ግን ይህን መጋረጃ ገልጠህ ልታይ ትወዳለህ። ዛሬ ባያገኙብህ ነገ ያገኙብኝ ይሆናል እያልህ ስትፈልግ ትኖራለህ። ሥጋህ ቤትህ መሆኑ ቀርቶ እንደ ክስ መዝገብ በየጊዜው የምታገላብጠው ይሆንብሃል።»

ይህ ቃል ብዙ ቀን አስጨነቀኝ፤ ዛሬም ቢሆን ፈጽሞ ወደቀ አልልም። ከራሴ ጋራ የተሟገትሁት ግን እንዲህ ነው። የሞትን ቀን ማወቅና የሞትን ምክንያት አስቀድሞ ማወቅ አንድ አይደለም። ቀኑን ያወቀ ሰው ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው የለም፤ ምክንያቱን ያወቀ ግን ሊያርቀው የሚችልበት ጊዜ አለ። ንጉሥ ሕዝቅያስ እንደሚሞት በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ ሲነገረው ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፤ ከዚያም 15 ዓመት ተጨመረለት፥ በእባጩም ላይ የበለስ ጥፍጥፍ ተደረገለት። ያ ክፉ ወሬ ባይደርሰው ኖሮ እንባውም ጥፍጥፉም ባልመጣ ነበር። እንግዲህ አስቀድሞ ማወቅ መልካም ነው ወይስ ክፉ ነው ብሎ በደፈናው መጠየቅ ከንቱ ነው። መጠየቅ የሚገባው፥ ከታወቀ በኋላ የሚደረግ ነገር አለን ወይስ የለም፥ ተብሎ ነው።

በኛ አገር ቡናን የሚያውቅ ሰው ዛፉ እስኪጠወልግ አይጠብቅም። የቡና ፍሬ በሽታ በፈረንጆች ቁጥር በ1971 በኢትዮጵያ ከታየ ወዲህ ይልቁንም ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ቅርንጫፉን እየገለበጠ ጥቁር ነጥብ ይፈልጋል። ይህን ምሳሌ ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው፥ «የቡና ዛፍ ሲገለብጡት አይፈራም፤ ሰው ግን ይፈራል» ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ስለ ትልቁ አንጀት ሐኪሞች የደረሱበት ዕውቀት ለጥያቄዬ ጥሩ መልስ ነበረው። ይህ ነቀርሳ አብዛኛውን ጊዜ ድንገት አይበቅልም። አስቀድሞ በአንጀቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ እንደ እንጕዳይ ያለ፥ ፖሊፕ የሚሉት ትንሽ ሥጋ ይወጣል። ከነዚህ የሚበዙት ባለቤታቸውን ሳይጐዱ ይኖራሉ፤ ጥቂቶቹ ግን 10 ዓመት ወይም ከዚያ በሚበልጥ ጊዜ ቀስ በቀስ እየተለወጡ ነቀርሳ ይሆናሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን አያምም፥ እንቅልፍ አይነሣም፥ ምግብ አያስጠላም። ባለቤቱ ደኅና ነኝ ሲል አይዋሽም፤ አልታመመምና። በዚያ ዘመን ውስጥ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ሐኪሙ ፖሊፑን በቀጭን ሽቦ ቀለበት አንቆ ይቈርጠዋል፥ ነቀርሳ ሊሆን የነበረውም ሳይሆን ይቀራል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ቃል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ይህን ሥራ ኮሎኖስኮፒ ይሉታል። ተጣጣፊ የሆነ፥ ጫፉ ላይ ብርሃን ያለው ረጅም ቱቦ ከታች ገብቶ ትልቁን አንጀት እስከ መጨረሻው ያሳያል። ሂሮሚ ሺንያና ዊልያም ዎልፍ የተባሉት ሐኪሞች በኒው ዮርክ ከተማ በ1969 በዚህ ቱቦ አማካይነት፥ ሆድ ሳይቀደድ ፖሊፕን ቈርጠው ማውጣት ጀመሩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ነገር ከአንጀት ላይኛ ክፍል ለማውጣት ሆድን መክፈት ግድ ነበር። በአሜሪካ ምልክት የሌለበት ሰው ይህን ምርመራ ከ50 ዓመቱ ጀምሮ እንዲያደርግ ይመከር ነበር፤ በ2021 ግን በወጣቶች ላይ በሽታው እየበዛ ስለ ታየ ወደ 45 ዓመት ዝቅ ተደረገ። ምንም ያልተገኘበት ሰው እስከ 10 ዓመት ድረስ መመለስ አያስፈልገውም። በየዓመቱ ስትፈልግ ትኖራለህ ላሉኝ ለንስሐ አባቴ በዚህ ረገድ መልስ አገኘሁላቸው።

ስለዚህ በዚያ ዓመት ቡናዬን ከሸጥሁ በኋላ ሄድሁ። ነገሩን የሚፈራ ሰው ብዙ ስለ ሆነ እንዴት እንደ ሆነ በዝርዝር ልንገር። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ጥራጥሬ፥ ጎመንና ፍሬ ያለበትን ነገር ሁሉ ተውሁ፤ በዋዜማው ከተጣራ ሾርባ፥ ከሻይና ከውሃ በቀር አልቀመስሁም። ጾም ለለመደ ያገራችን ሰው ይህ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው መድኃኒቱ ነው። ጨው ጨው የሚል ዱቄት በ4 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ፥ እኩሌታው ማታ፥ እኩሌታው ማለዳ፥ በብርጭቆ በብርጭቆ ይጠጣል። አንጀት እንደ ታጠበ ጋን እስኪጠራ ድረስ ሰው ከመጸዳጃ ቤት አይርቅም። ያረፍሁት ከዘመዶቼ ቤት ስለ ነበረ ሌሊቱን በር በከፈትሁ ቍጥር አፍር ነበር።

በዚያ ሌሊት አያቴ ትዝ አሉኝ። የቀድሞ ሰዎች ጥሬ ሥጋ ይበሉ ስለ ነበረ በየጥቂት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር። የኮሶ ቀን የታወቀ ቀን ነው። ጌታ ሎሌውን አያዝዘውም፤ እንግዳ ቢመጣ፥ ኮሶ ጠጥተዋል፥ ተብሎ በደጅ ይመለሳል፤ ሰፈሩ ሁሉ ማን ኮሶ እንደ ጠጣ፥ ሻረው ወይስ አልሻረው ያውቃል። ስለ አንጀት መናገር ነውር ነው፥ እፍረታችንም ከአባቶቻችን የወረስነው ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነበር። አባቶቻችን ከኛ ይልቅ ደፋሮች ነበሩ። እርግጥ ነው፥ እነርሱ ኮሶ የሚጠጡት ትሉን ስላዩት ነው፤ ያልታየውን ለመፈለግ አልነበረም። የመድኃኒቱ ምሬት ግን አንድ ሳይሆን አይቀርም።

በማግሥቱ በሆስፒታሉ አንዲት አስታማሚ፥ «አባባ፥ በግራ ጐንዎ ይተኙ፤ ጕልበትዎን ወደ ደረትዎ ይሰብስቡ፤ አይፍሩ» አለችኝ። በክንዴ መርፌ ወጋችኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የሚያብረቀርቀውን የጣራ መብራትና፥ ወዲያው ደግሞ፥ «አበቃ፤ እንኳን ደኅና ነቁ» የሚለውን ድምፅዋን ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል አልፎአል አሉኝ፤ ለኔ ግን ዐይን ጨፍኖ እንደ መግለጥ ነበር። ሐኪሙ መጥቶ አንድ ፖሊፕ እንዳገኘብኝና እንደ ቈረጠው፥ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለማወቅ ግን በማጕያ መነጽር መታየት ስላለበት ከ10 ቀን በኋላ እንድመለስ ነገረኝ።

ንስሐ አባቴን በደንብ ያስተዋልኋቸው በነዚያ 10 ቀኖች ነው። ከዚያ በፊት ጤነኛ ነበርሁ፤ አሁን ግን ምንም ሳያመኝ ጤነኛ መሆኔ ቀረ። ቅዳሴ ቆሜ ልቤ አይቆምም። የልጆቼን ዕድሜ እቈጥራለሁ፤ ያበደርሁትንና የተበደርሁትን በወረቀት ጻፍሁ፤ ከወዳጄ ጋራ በመቃብር የምነጋገር ይመስለኝ ነበር። ይህ ጭንቀት እውነተኛ ዋጋ ነውና የቅድሚያ ምርመራን የሚያወድስ ሰው በሒሳቡ ውስጥ ሊጽፈው ይገባል። ቱቦው አንጀትን የሚበሳበት ጊዜም እንዳለ፥ ይህም ከ10,000 ሰዎች በጥቂቶቹ ላይ ብቻ የሚደርስ ቢሆንም፥ መሰወር አይገባም።

በ10ኛው ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ፥ ፖሊፑ ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ ከሚችለው ዓይነት እንደ ነበረ፥ ነገር ግን እንዳልተለወጠ ነገረኝ። ከ5 ዓመት በኋላ ተመለስ አለኝ። ደስ አለኝ፤ አመሰገንሁም። ወደ ያዮ በአውቶቡስ ስመለስ ግን አንድ ሐሳብ አብሮኝ ተጓዘ። ያ ትንሽ ሥጋ ቢተው ኖሮ ይገድለኝ ነበርን? ወይስ ከነዚያ ከማይጐዱት ከሚበዙት አንዱ ሆኖ አብሮኝ አርጅቶ አብሮኝ ይቀበር ነበር? ሐኪሙም አያውቅም፤ እኔም እስክሞት አላውቅም። ከሞት ዳንሁ ብዬ ብናገር ምስክር የለኝም።

ስለ አንድ ሰው የማይታወቀው ነገር ስለ ብዙ ሰዎች በቍጥር ሊታወቅ ይችላል። በፖላንድ፥ በኖርዌይና በስዊድን 84,585 ሰዎች በዕጣ ተለይተው፥ ለአንዱ ክፍል ወደ ኮሎኖስኮፒ ኑ የሚል ጥሪ ተላከለት፥ ለሌላው አልተላከለትም። በ2022 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፥ ከ10 ዓመት በኋላ የትልቁ አንጀት ነቀርሳ ከተጠሩት ከ10,000 በ98፥ ካልተጠሩት ከ10,000 በ120 ሰዎች ላይ ተገኘ። በዚህ በሽታ የሞቱት ግን ከተጠሩት 28፥ ካልተጠሩት 31 ነበሩ፤ ይህም ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል ተባለ። ምርመራውን የሚያወድሱት፥ ከተጠሩት ሰዎች የመጡት ከ100 በ42 ብቻ ናቸው፥ 10 ዓመትም ለዚህ ቀስ ብሎ ለሚሄድ በሽታ አጭር ነው ብለው ይመልሳሉ፤ መልሳቸውም ጕልበት አለው። እኔ ከዚህ የተማርሁት፥ ጥቅሙ እውነተኛ እንደ ሆነ፥ ነገር ግን እኔ በጭንቀቴ ጊዜ እንዳሰብሁት ትልቅ እንዳልሆነ ነው። ደግሞም ርካሽ መንገድ አለ። በአሜሪካ በሚኒሶታ ሰዎች በየዓመቱ ዐይነ ምድራቸውን ለተሰወረ ደም እያስመረመሩ፥ ደም የተገኘበት ብቻ ወደ ቱቦው እንዲሄድ ተደርጎ፥ በ1993 በተነገረው ውጤት በዚህ በሽታ የሚሞቱት ሰዎች ቍጥር በሢሶ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

በሽታን መፈለግ ሁልጊዜ ያድናል ብሎ የሚያምን ሰው ደግሞ የደቡብ ኮሪያን ነገር ይስማ። በዚያ አገር ጤነኞች ሰዎች የእንቅርት እጢያቸውን በአልትራሳውንድ መታየት ስለ ለመዱ፥ በ2011 የተገኘው የዚህ እጢ ነቀርሳ በ1993 ከነበረው 15 እጥፍ ሆነ። በዚህ በሽታ የሚሞተው ሰው ቍጥር ግን አልተለወጠም። እንግዲህ ከተገኘባቸው ብዙዎቹ ባይፈለግባቸው ኖሮ በሽታው መኖሩን ሳያውቁ በሰላም የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ እጢያቸው ተቈርጦ ዕድሜ ልካቸውን ክኒን የሚውጡ ሆኑ። ንስሐ አባቴ ይህን ቢሰሙ ኖሮ ከንጉሥ አሳ ይልቅ ይጠቅሱት ነበር።

ዊልሰንና ዩንግነር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1968 ለዓለም የጤና ድርጅት ስለዚህ ነገር ጽፈው ነበር። ጤነኛውን ሕዝብ ለምርመራ ከመጥራት በፊት፥ በሽታው ሳይታወቅ የሚቆይበት ጊዜ መኖሩ፥ ለተገኘበትም ሰው የታወቀ ሕክምና መኖሩና ያም ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ መዘጋጀቱ ይረጋገጥ አሉ። ይህን ሳነብ የሐኪሞች ደንብ ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ነገር ሆኖ ታየኝ። ታምሞ በራሱ እግር የመጣን ሰው ሐኪም ቢያቅተውና እግዚአብሔር ይማርህ ብሎ ቢያሰናብተው አይወቀስም። ደኅና ነኝ ብሎ የተቀመጠውን ሰው ከቤቱ ጠርቶ፥ በሽታ አገኘሁብህ ብሎ፥ ባዶ እጁን የሰደደ ሐኪም ግን በድሎታል። እንግዳ በራሱ ፈቃድ ቢመጣ ያለውን ይበላል፤ ጠርቶ ያስመጣው ግን ማዕዱን አስቀድሞ ሊያዘጋጅ ይገባዋል።

ይህን በመጽሐፍ ያነበብሁትን በሕይወት ያስተማረችኝ ጎረቤታችን ናት። ከአዲስ አበባ እንደ ተመለስሁ፥ አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው ሁሉ፥ ያገኘሁትን ሁሉ ታዩ፥ ታዩ እያልሁ እመክር ጀመር። ይህች ሴት ባልዋ የሞተባት፥ አራት ልጆች የምታሳድግ፥ በመከር ወራት ቡና በመልቀም የምትኖር ናት። ቃሌን በትዕግሥት ከሰማች በኋላ በኦሮምኛ የመለሰችልኝ እንዲህ የሚል ነው፤ «ጋሼ፥ እርስዎ ቢገኝብዎ የሚሸጡት ቡና አለዎት፤ አዲስ አበባም ዘመድ አለዎት። እኔ ቢገኝብኝ ከማወቅ በቀር ምን አለኝ? ልጆቼ ፊቴን አይተው እንዲያለቅሱ ነው? ሳላውቀው ልኑር።»

መልስ አጣሁ። ንስሐ አባቴ የተናገሩትን ቃል እርስዋ በሌላ በኩል መጥታ ተናገረችው፤ የርስዋም ይበልጥ የጠነከረ ነው። እርሳቸው የማወቅን ፍርሀት ተናገሩ፤ እርስዋ ግን ከማወቅ በኋላ ያለውን መንገድ ቈጠረች፥ ቈጥራም መንገድ እንደሌላት አየች። ይህን ድንቍርና ነው የሚል ሰው የአገራችንን ነገር አያውቅም። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ተራውን ሲጠብቅ በሽታው የቀደመው ሰው ብዙ ነው። በቅርብ ዓመታት በጅማ መከፈቱ ለኢሉባቦር ሰው መንገዱን አሳጥሮለታል፤ ነገር ግን ጅማም ለለቃሚ ሴት ሩቅ ነው። ስለ ትልቁ አንጀት የኔ ምክር ለርስዋ ማዕድ ያልተዘጋጀበት ጥሪ ነበር፤ ይህን አምኜ ዝም አልሁ።

ዝም ያላለችው ባለቤቴ ናት። እርስዋ በጤና ጣቢያው ከሚሠሩት ሴቶች ጋራ ትውውቅ ስላላት የሰማችውን ነገረችን። ባገራችን ሴቶችን ከሚገድሉት ነቀርሳዎች ከጡት ቀጥሎ የሚጠቀሰው የማኅፀን በር ነቀርሳ ነው። ይህም እንደ ትልቁ አንጀት ብዙ ዓመት ተሰውሮ የሚቆይ ነው፤ አብዛኛውም ሐራልድ ሱር ሀውዘን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እንዳሳየው፥ ለዚህም በ2008 የኖቤል ሽልማት እንዳገኘበት፥ ከአንድ ቫይረስ የሚመጣ ነው። ይህን ለመፈለግ ረጅም ቱቦ፥ የሚያስተኛ መርፌ፥ 4 ሊትርም መድኃኒት አያስፈልግም። አስታማሚዋ የማኅፀኑን በር በአሲቲክ አሲድ፥ ይኸውም በኮምጣጤ ውስጥ ያለው ነገር ነው፥ ትቀባዋለች፤ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይታ ታያለች። ሊለወጥ የጀመረ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጭ ሆኖ የታየውንም፥ ለዚሁ የሚስማማ ከሆነ፥ በብርድ ወይም በሙቀት መሣሪያ እዚያው ታጠፋዋለች፤ ሴትዮዋም በዚያው ቀን ወደ ቤትዋ ትመለሳለች። ባገራችን ይህ ምርመራ ይልቁንም ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ተመድቦአል፤ ለ14 ዓመት ልጃገረዶችም ቫይረሱን የሚከላከል ክትባት በታኅሣሥ 2018 በፈረንጆች ቁጥር መሰጠት ጀምሮ ነበር።

ጎረቤታችን ይህን ስትሰማ ብዙ ጠየቀች። የጠየቀችውም ስለ ሞት አልነበረም። ስንት ይከፈላል? ምን ያህል ሰዓት ይፈጃል? በዚያ ቀን የምትለቅመው ቡና ይቀርባታልና። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያያት ወንድ ነው ወይስ ሴት? ባለቤቴ አብሬሽ እሄዳለሁ፥ እኔም እታያለሁ ባለቻት ጊዜ ነው የተነሣችው። ሁለቱ በማለዳ ጃንጥላ ይዘው ሲወጡ እኔ የተሰጣውን ቡና እንድጠብቅ ተሰጠኝ፤ ሰማዩ ጠቍሮ ነበርና ሦስት ጊዜ ሰብስቤ ሦስት ጊዜ አሰጣሁት። ማታ ሲመለሱ ጎረቤታችን ምንም ነጭ ነገር አልታየብኝም አለች። ባለቤቴም እንዲሁ። ለኔ ከዚህ በላይ አልነገሩኝም፤ በጓዳ ግን ሲሣሣቁ ሰማሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ይህን ሁሉ ለንስሐ አባቴ አጫወትኋቸው። የኮሪያን ነገር በጥሞና ሰሙ፤ የኮምጣጤውን ነገር ግን ደግሜ እንድነግራቸው ለመኑኝ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «የምታያቸው ሴት መሆንዋ የታወቀ ነው?» አሉ።

«አዎን፥ ሴት ናት።»

«ለተገኘባትም እዚያው መድኃኒት አለ?»

«ገና ሊለወጥ የጀመረ ከሆነ አለ። ካለፈ ግን ወደ መቱ፥ ከዚያም ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነው።»

«ይህንንም ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ» አሉ። «ከቅዳሴ በኋላ ለሴቶቹ እነግራለሁ። አንተ ብትናገር አያምርም።»

አመሰገንኋቸው። ዕድሜያቸው 60 ያለፈ ስለ ሆነ፥ በክረምቱም ትንሽ ከስተው ስላየኋቸው፥ ስወጣ በሩ ላይ ቆም ብዬ፥ «እርስዎስ አባቴ፥ ታይተው ያውቃሉ?» አልኋቸው።

መቋሚያቸውን እያነሡ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን ሆኜ?» አሉ።